ቅልጥም ላይ የታተመ ስም

ጫማ ሠሪ ስሙ በጫማው ሲጠራ ደስ ይለዋል። ስሙ የሕመም መጠሪያ ሲሆንስ? በ1960ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካና በአውሮፓ ተራሮች ላይ በስኪ የሚንሸራተቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ሕመም ይዘው ወደ ቤት መመለስ ጀመሩ። ቦታው ቅልጥም ነው፤ አጥንቱ ሥጋ ሳይሸፍነው ከቆዳ ሥር በሚዳሰስበት ፊት ለፊት፣ የጫማው አፍ በሚያርፍበት መስመር ላይ። ይጠቁራል፣ ያብጣል፣ ማታ ብርድ ልብስ ሲነካው እንኳ ያስጮኻል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ «ላንግ ባንግ» አሉት። «ባንግ» ድው የሚል ምት ነው፤ «ላንግ» ደግሞ የጫማ ፋብሪካው ስም። ዛሬ የሌላ ፋብሪካ ጫማ ያደረገ ሰው ቅልጥሙን ሲያመው ራሱ በዚያው ስም ይጠራዋል።

የሚገርመው፣ ያ ጫማ ለስኪ ሥራ እስከዚያ ከተሠሩት ሁሉ የተሻለ ነበር። ያሳመመውም የተሻለበት ምክንያት ራሱ ነው።

ስኪ ነክታችሁ ለማታውቁ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። (ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ፣ ከሥራ ባልደረቦቻችሁ ጋር ተራራ ወጥታችሁ የኪራይ ቦት ያጠለቃችሁ፣ ይቺን አንቀጽ ዝለሏት። እግራችሁ ያስታውሳል።) የስኪ ቦት እንደምናውቀው ቦት ጫማ አይደለም። ውጪው ደረቅ የፕላስቲክ ቅርፊት ነው፤ ውስጡ ለብቻው የሚወጣ፣ ስፖንጅ ያለው ሌላ ጫማ አለ። ከቁርጭምጭሚት አልፎ ወደ ባት ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ዘለበት ይቆለፋል። ከተቆለፈ በኋላ ቁርጭምጭሚት ወደ ጎን መላወስ አይችልም፤ ወደ ፊት ብቻ ትንሽ ይሰጣል። ይሄ ሁሉ ለምን? ምክንያቱም ስኪ የሚታዘዘው በብረት ጠርዙ ነው። ጉልበታችሁን ወደ ጎን ስታዘነብሉ ያ ማዘንበል በቅልጥም፣ በቦቱና በማሰሪያው አልፎ ጠርዙ ጋ መድረስ አለበት። መሃል ላይ የሚለጠጥ ነገር ካለ ትእዛዙ እዚያው ይቀራል፤ መሪው እንደ ላላ መኪና ነው። የሰው እግር ደግሞ 26 አጥንት ያለው፣ ሲቆሙበት የሚረዝምና የሚሰፋ፣ ጠዋትና ማታ መጠኑ የሚለያይ ነገር ነው። በደረቅ ቅርፊትና በሚላወስ እግር መሃል ያለው ጠብ ማን ለማን ይታዘዝ የሚል ነው። ታሪኩ ይሄ ነው።

ለረጅም ዘመን ጠቡ አልነበረም። ስኪ ራሱ ጥንታዊ ነው፤ በሰሜን አውሮፓና በሰሜን እስያ ሰዎች በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት በረዶ ላይ ሄደውበታል። ለስኪ ተብሎ የተሠራ ጫማ ግን አልነበረም። ሰው በክረምት ያጠለቀውን የቆዳ ጫማ ይዞ ጣቶቹን በጠፍር ሥር ያስገባል፣ ይሄዳል። ተረከዙ ነጻ ነው። በ1860ዎቹ የኖርዌይ የቴሌማርክ ሰው ሶንድሬ ኖርሃይም ከተጠማዘዘ ቀጭን ቅርንጫፍ የተሠራ ቀለበት ተረከዙ ላይ አዞረ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ከዚያ በኋላ ሰው ስኪው ከእግሩ ሳይወልቅ መዝለልና መታጠፍ ቻለ። በ1868 ኖርሃይም ዛሬ ኦስሎ በምትባለው ክርስቲያንያ ተወዳድሮ አሸነፈ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ ፍሪድቾፍ ናንሰን ግሪንላንድን በስኪ አቋረጠ፤ ስለ ጉዞው የጻፈው መጽሐፍም የስኪን ፍቅር ወደ መካከለኛው አውሮፓ ወሰደው።

መካከለኛው አውሮፓ ሲገባ ግን መሬቱ ተለወጠ። የአልፕስ ተራራ ቀጥ ያለ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ ሊሊንፌልድ ይኖር የነበረው ማቲያስ ዝዳርስኪ ለቁልቁለት ብሎ የብረት ማሰሪያ ሠራ። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የስዊዘርላንዱ ጊዶ ሮይጅ የሽቦ ገመድ በተረከዝ ዙሪያ አዙሮ ጫማውን ወደ ስኪው የሚጎትት «ካንዳሃር» የተባለ ማሰሪያ አመጣ። ተረከዝ ከዚህ በኋላ ታሰረ። ስኪም ለሁለት ተከፈለ። በነገራችን ላይ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም፣ በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ የተወዳደረው በአገር አቋራጭ ስኪ ነው። የሱ ጫማ ከኖርሃይም ወገን ነው፤ ቀላል፣ ተረከዙ የሚነሳ። እኛ የምናወራው ስለ ሌላኛው ወገን ነው፤ ተረከዙ ስለታሰረበት።

ተረከዝ ሲታሰር ጫማው አዲስ ሸክም መጣበት። እስከዚያ የሚያሞቅና ውሃ የማያስገባ ከሆነ ይበቃ ነበር። አሁን ግን ኃይል ማስተላለፍ አለበት። ጫማ ሰፊዎቹ የሚያውቁትን አደረጉ፤ ሶሉን አወፈሩት፣ ቆዳውን ደራርበው ሰፉት፣ የሽቦ ገመዱ የሚቀመጥበት ቦይ ተረከዙ ላይ ቆፈሩለት። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ባለ ሁለት ድርብ ጫማ መጣ፤ ለስላሳ ጫማ ውስጥ፣ ደረቅ ጫማ ውጪ፣ ሁለቱም ለየብቻ በክር የሚታሰሩ። ጠዋት በብርድ፣ በደነዘዘ ጣት፣ ሁለት ጫማ በአንድ እግር ላይ ማሰርን አስቡት። በዚህ ላይ ብዙዎቹ ቁርጭምጭሚታቸውን ከስኪው ጋር የሚጠፍር ረጅም ጠፍር ይጠመጥሙ ነበር።

የቆዳ ጫማ አንድ ትልቅ ደግነት ነበረው፤ ይለምዳል። አዲስ ሲሆን ይቆረጥማል፣ ተረከዝ ላይ ውሃ ያስቋጥራል። ሰው ያርሰውና ቤት ውስጥ ያጠልቀዋል፤ ቆዳው የባለቤቱን ጉብታ ሁሉ እየተማረ ይደርቃል። ካሎ ያለበት ቦታ ካሎውን ያቅፋል። ጥሩ ጫማ ሰፊ ጋ የሄደማ እግሩ ተለክቶ፣ ፎርማው ላይ ቁራጭ ቆዳ እየተለጠፈ አጥንቱ በወጣበት ቦታ ሰፋ ተደርጎ ይሰፋለት ነበር። ችግሩ ቆዳው መልመዱን የት ማቆም እንዳለበት አለማወቁ ነው። ዛሬ የተመቸ ጫማ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ይለሰልሳል፤ ቁርጭምጭሚት ውስጡ ይንሳፈፋል፣ ስኪው አልታዘዝም ይላል። ለተወዳዳሪ ሰው አንድ ጫማ የሚያምበትና የማይረባበት ዘመን አለው፤ መሃል ላይ ያለችው ጥሩ ጊዜ አጭር ናት።

የቆዳ ጫማ ዘመን የስብራት ዘመንም ነበር፤ ይሄን ስለ ድሮ በናፍቆት የሚጽፉ ሰዎች ይረሱታል። ማሰሪያው አይለቅም፣ ጫማው ቁርጭምጭሚትን አይደግፍም፤ ሰው ሲወድቅ ስኪው ይጠመዘዛል፣ የሚሰበረውም እዚያው ነው። ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ኦሪገን ይኖር የነበረው ያልማር ቫም በ1937 እግሩን ሰብሮ፣ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ሲወድቁ የሚለቅ ማሰሪያ አሰበ፤ «ሴፍ ስኪ» ብሎም ሸጠው። ማሰሪያው እንዲህ እያለ ሲሻሻል ጫማው ግን ቆዳ እንደሆነ ቀረ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የስዊዘርላንዱ ሄንከ ኩባንያ የሃንስ ማርቲንን ፈጠራ ይዞ በክር ፈንታ ዘለበት ገጠመለት። በደነዘዘ ጣት ክር መታገል ቀረ። ነገር ግን ዘለበት ከክር ይልቅ ስለሚጎትት ቆዳው ቶሎ ተሸነፈ። ዘለበቱን ሊሸከም የሚችል ነገር ያስፈልግ ነበር።

ያ ነገር የመጣው ተራራ ከሌለበት አገር ነው። ቦብ ላንግ የአዮዋ ሰው ነበር፤ ከተማው ደቡክ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የምትገኝ ናት፤ የአገሩ መሬት የበቆሎ ማሳ ነው። ላንግ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቆዳ ቦቱን በፋይበርግላስ እያጠናከረ ሲሞክር ቆይቶ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ገና በክር የሚታሰር ቦት አወጣ። ቀጥሎ ፖሊዩሬቴን ወደሚባለው ፕላስቲክ ተሻገረና ዘለበት ገጠመለት። በ1965 ገበያ ላይ የዋለው ይሄ ነው፤ የዛሬው ቦት ሁሉ አያት።

ቀድመው ካጠለቁት ተወዳዳሪዎች ውስጥ የካናዳ ልጆች ይገኙበታል። ከነሱ አንዷ ናንሲ ግሪን በ1968 ግሬኖብል ኦሎምፒክ ላይ በጃይንት ስላሎም ወርቅ ስታገኝ ሁለተኛዋን የቀደመቻት በ2.64 ሰከንድ ነው። ስኪ ውስጥ ሰው በመቶኛ ሰከንድ ይሸነፋል፤ 2.64 ማለት ሌላዋ ገና እየመጣች ነው ማለት ነው። ድሉን በሙሉ ለጫማው መስጠት ለሴትየዋ ግፍ ነው። ቢሆንም ያየ ሁሉ አየ፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የቆዳ ቦት ከውድድር ጠፋ።

እንግዲህ ሕመሙ የመጣው እዚህ ጋ ነው። ፕላስቲክ አይለምድም። በመጀመሪያው ቀን የቆረጠማችሁ ጉብታ በመቶኛውም ቀን ይቆረጥማችኋል። ፎርማው የአንድ አማካይ እግር ቅርጽ ነው፤ አማካይ እግር ያለው ሰው ደግሞ በአካል አግኝቼ አላውቅም። ድሮ ጫማ ሰፊው ወይም ቆዳው ራሱ ይሠራው የነበረ ሥራ ማንም ሳይረከበው ቀረ። ፋብሪካው ቅርፊቱን ከሻጋታ እያወጣ ይልካል፣ ሱቁ ይሸጣል፣ ሰውየው ዘለበቱን ይቆልፋል፣ ቅልጥሙ ይጠቁራል። ያኔ ብዙ ሰው፣ ተወዳዳሪዎቹ በተለይ፣ ሕመሙን እንደ ዋጋ ቆጠሩት። ካላመመ አይሠራም የሚል እምነት ገባ። ይሄ እምነት ዛሬም አለ፤ ስህተት ነው ባይ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ፋብሪካዎቹ መጀመሪያ የሞከሩት ውስጡን መሙላት ነው። ሰውየው ቅርፊቱ ውስጥ ይቆማል፣ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በውስጠኛው ጫማ ሽፋን ውስጥ ይለቀቅበታል፣ አረፋው እየተነፋ እግሩን ዙሪያውን ይሞላና ይደርቃል። የእግራችሁ ቅጂ ማለት ነው። ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ሜል ዴልቡት ከዚህ ሐሳብ ፊታውራሪዎች አንዱ ነበር፤ ቅርፊቱን ከማግኒዝየም ብረት እስከ መሥራትም ሄዷል። አረፋው ጥሩ ሲወጣ ግሩም ነው። ሲነፋ ግን ይገፋል፤ ጣቶች ተጨምቀው ደርቆ ከቀረ ጭምቁም አብሮ ይደርቃል።

ሌላኛው መንገድ የጫማውን በር መቀየር ነበር። ቦልደር ኮሎራዶ የሚኖሩት የሃንሰን ወንድማማቾች በ1970ዎቹ ከኋላ የሚከፈት ቦት አወጡ፤ እንደ ሸርተቴ እግርን ታስገባላችሁ፣ ከኋላ ትዘጋላችሁ። ውስጡ ሲሞቅ የሚፈስና እግሩን የሚከተል ሰም መሰል ነገር ነበረው። ከዚያ የፈረንሳዩ ሳሎሞን በ1979 «ኤስ ኤክስ 90»ን ይዞ መጣና 1980ዎቹን ጠቀለላቸው። ምቹ ነበር፣ ይሞቃል፣ በአንድ እጅ ይዘጋል። ሕዝቡ አጨበጨበ። ነገር ግን ከኋላ የሚዘጋ ጫማ የእግሩን ጀርባ እንደ አራት ዘለበት አድርጎ አቅፎ መያዝ አይችልም፤ እግር ውስጡ ይንቀሳቀሳል፣ ትእዛዝ ይዘገያል። ያ የድሮው የቆዳ ችግር በሌላ በር ተመለሰ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዘመኑ አበቃ፤ ሁሉም ወደ አራት ዘለበት ተመለሰ። በዚሁ መሃል የስዊዘርላንዱ ራይክለ «ፍሌክሶን» የሚል፣ ምላሱ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ ቦት አውጥቶ ነበር፤ ሐሳቡ ከጠፈርተኞች ልብስ መታጠፊያ የተወሰደ ነው። ምላሱ በመሸብሸቡ ወደ ፊት ሲጫኑት በድንገት አይቆምም፣ ቀስ እያለ ይከብዳል፤ ለቅልጥም ምሕረት ነበረው። ፋብሪካው ቢዘጋም ሻጋታው አልሞተም፤ በ2006 «ፉል ቲልት» በሚል ስም ተመልሶ ተሸጧል።

ጣሊያን ውስጥ ሞንቴቤሉና የምትባል ከተማ አለች፣ ከቬኒስ ብዙም ሳትርቅ፤ በቆዳ ዘመን የተራራ ጫማ ሰፊዎች ከተማ ነበረች። ኖርዲካ በ1939 የተመሠረተው እዚያ ነው። ፕላስቲክ ሲመጣ ሰፊዎቹ መርፌያቸውን አስቀምጠው የፕላስቲክ ማፍሰሻ ማሽን ገዙ፤ ከዓለም የስኪ ቦት ብዙው ከዚያ አካባቢ የሚወጣ ሆነ። የቦት ሙዚየምም አላቸው። ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የአካባቢው ልጅ የሆነው ቴክኒካ ነው፦ ጨረቃ ላይ የተረገጠችበትን ዓመት ተከትሎ «ሙን ቡት» የሚባለውን፣ ትራስ የመሰለውን ጫማ አወጣ። የስኪ ቦታችሁን አውልቃችሁ ወዲያው የምታጠልቁት ነው። ሕመሙንም ማስታገሻውንም አንድ ሰፈር ሸጠው ማለት ነው!

እውነተኛው መልስ የመጣው ከፋብሪካ ሳይሆን ከሱቅ ጓሮ ነው። በ1956 ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ አውስትራሊያን ወክሎ በዘመናዊ ፔንታትሎን የተወዳደረው ስቬን ኩመር በኋላ የኖርዲካን ቦቶች ከቀረጹት ሰዎች አንዱ ሆነ። እሱና መሰሎቹ የጠየቁት ጥያቄ ሌሎቹ ከጠየቁት ይለያል። ሌላው «ቅርፊቱ ለምን ይጫናል?» ሲል እነሱ «እግሩ ቅርፊቱ ውስጥ ምን እያደረገ ነው?» አሉ። መልሱ፦ እየተደረመሰ ነው። ቅርፊቱ ውስጥ ያለው የፋብሪካ ሶል ጠፍጣፋ ጨርቅ ነው። ሰው ሲቆምበት የውስጥ እግሩ ቅስት ይወርዳል፣ እግሩ ይረዝማል፣ ይሰፋል፣ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ይወድቃል። የወጣው አጥንት ከፕላስቲኩ ጋር ይላተማል። ሰውየው «ጠበበኝ» ይላል። የጠበበው ግን ጫማው አይደለም፤ እግሩ ነው የተንጣለለው። ቅስቱን ከሥር የሚደግፍ በእግሩ ልክ የተሠራ ሶል ሲገባ ሕመሙ ቅርፊቱ ሳይነካ ይቀንሳል። ኩመር በኋላ «ሱፐርፊት» የተባለውን የውስጥ ሶል ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ነው።

ካላመመ አይሠራም የሚለው እምነት ስህተት ነው ያልኩት በዚህ ነው። የስኪ ቦት ሕመም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጫማው ሲጠብ ሳይሆን ሲሰፋ ነው። አዲስ ሰው ሱቅ ይገባል፣ ሁሉም ቦት ይጠበዋል፣ አንድ ቁጥር ይጨምራል። ተመቸው! ተራራ ላይ ግን እግሩ ይንሸራተታል። እንዳይንሸራተት ዘለበቱን ያጠብቃል። ዘለበቱ የእግር ጀርባን ይጫናል፤ እዚያ ላይ ወደ ጣቶች የሚወርድ የደም ሥርና ነርቭ ያልፋል፤ ጣቶች ይደነዝዛሉ፣ ይበርዳቸዋል። በርዶኛል ብሎ ሁለተኛ ካልሲ ይደርባል፤ ይባስ ይጨመቃል። ጣቶቹ ወለሉን ለመቧጠጥ ይጨበጣሉ፣ ውስጥ እግሩ ይኮማተራል። ቅልጥሙ ደግሞ በጫማው አፍና በራሱ መሃል ባለ ክፍተት እየተወረወረ ይመታል። «ላንግ ባንግ» ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ጠብቆ የተያዘ ቅልጥም ይጫናል እንጂ አይመታም።

ስለዚህ አሁን ቦት አስተካካዮች የሚጀምሩት ውስጠኛውን ጫማ አውጥተው ነው። ባዶ እግራችሁን ባዶ ቅርፊት ውስጥ ታስገባላችሁ፣ ጣቶቻችሁ ፊቱን እስኪነኩ ትገፋላችሁ፣ ከተረከዝ ኋላ የቀረውን ክፍተት ይለካሉ። ለተራ ሰው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ምንም ቢመች፣ ጫማው ትልቅ ነው። ከዚያ አጥንት በወጣበት ቦታ ብቻ ፕላስቲኩን አሙቀው በመጭመቂያ ወደ ውጪ ይገፉታል፣ ወይም ከውስጥ በመሞረጃ ያሳሱታል። ትንሿ ጣት ሥር ያለው አጥንት፣ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ዝቅ ብሎ ያለው አጥንት፣ የተረከዝ ጉብታ፤ እነዚህ ሦስቱ ደንበኞቻቸው ናቸው። ልብ በሉ፤ ይሄ በትክክል ጫማ ሰፊው ፎርማው ላይ ቁራጭ ቆዳ ሲለጥፍ የሠራው ሥራ ነው። ፕላስቲኩ ጫማ ሰፊውን ከሥራ አባረረው፤ ብዙ ሳይቆይ ራሱ ደጅ ጠንቶ መለሰው።

ሕመም ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ባበቃ። ግን ቅርፊቱ የደበቀው ሌላ ነገር ነበር። መስታወት ፊት ቁሙና ጉልበታችሁን እዩ። የአንዳንዱ ሰው ጉልበት ወደ ውስጥ ይቀራረባል፤ የአንዳንዱ እግር እንደ ቅስት ወደ ውጪ ይጎብጣል። በተራ ጫማ ይሄ ችግር አይደለም፤ ቁርጭምጭሚት ልዩነቱን ዝም ብሎ ያቻችለዋል። የፕላስቲክ ቦት ግን ያንን አስታራቂ ቆልፎታል። ስለዚህ ጉልበቱ ወደ ውስጥ የገባ ሰው ቀጥ ብሎ ቢቆምም ስኪው በውስጥ ጠርዙ ላይ ይቆማል፤ ሳያዝዘው ይታጠፋል፣ ሁለቱ ስኪዎች ይጣላሉ። እግሩ ወደ ውጪ የጎበጠው ደግሞ ጉልበቱን አጣሞ ካልገፋ ጠርዙ በረዶውን አይነክስለትም። ሁለቱም መምህራቸው «ጉልበትህን አስተካክል» ሲላቸው ይውላሉ። ጉልበት ግን አያስተካክሉትም፤ እንዲሁ ነው የተፈጠሩት።

ይሄን አደባባይ ካወጡት ውስጥ ዋረን ዊዘረል ዋነኛው ነው። በ1970 ቨርሞንት ውስጥ በርክ ማውንቴን አካዳሚን፣ የስኪ ተወዳዳሪዎችን ትምህርት ቤት፣ የመሠረተ ሰው ነው። በ1972 ባሳተመው መጽሐፉ ተወዳዳሪዎች እንዴት በጠርዝ እንደሚታጠፉ ካስረዳ በኋላ ብዙ ሰው ይሄን የማይችለው ስላልተማረ ሳይሆን ቦቱ ከእግሩ ጋር ስላልተስተካከለ ነው ብሎ ተከራከረ። የዚህን ሐሳብ ክብደት ማየት ቀላል ነው፤ ለዓመታት «ተሰጥኦ የለህም» የተባለ ሰው ሁሉ ምናልባት የጎደለው አንዲት ሽብልቅ ነበረች።

አሠራሩ የግንበኛ ነው። ሰውየው ቦቱን ቆልፎ ውሃ ልክ ወለል ላይ ይቆማል፣ ከጉልበቱ መሃል ቱምቢ ይጣላል፣ ጫፉ ከቦቱ መሃለኛ መስመር ምን ያህል እንደራቀ ይታያል። ጉልበት ወደ ውስጥ ከገባ በቦቱ ሶል ሥር ወፍራም ጎኑ ወደ ውስጥ የሆነ ሽብልቅ ይገባል፤ ጉልበቱ ወደ ውጪ ይመለሳል። ለጎበጠ እግር ተቃራኒው። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ነው። ሂሳቡን ሥሩት፦ የቦት ሶል ፊቱ ጋ ወደ 69 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ በዚያ ስፋት ላይ 1 ዲግሪ ማለት 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ነው። የባንክ ካርድ ከግማሽ። ጉልበት ግን ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ላይ ስላለ እዚያ ሲደርስ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ሥራው ግን እንደ ሂሳቡ አይቀልም። ማሰሪያው በትክክል እንዲለቅ የቦቱ ሶል ፊቱ 19፣ ተረከዙ 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው የዓለም አቀፉ ደረጃ፣ ኢሶ 5355፣ ያዝዛል። ስለዚህ ሶሉን አጋድሞ የላገ ሰው ከሥር ጠፍጣፋ ጨምሮ ጠርዞቹን ከላይ መልሶ መሞረድ አለበት። ይሄን ሳያደርግ የሚመልስላችሁ ሱቅ ካለ እግራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ብዙ ቦት ላይ በቁርጭምጭሚት በኩል አንዲት ቪቲ አለች፤ ሻጮች «ይቺን ስታዞሩ ይስተካከላል» ይላሉ። እሷ የምታደርገው የላይኛውን የቦት አንገት ከቅልጥም ጋር ማስማማት ብቻ ነው፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ሶሉ ጠፍጣፋ እንደሆነ ይቀራል፣ ጉልበትም ባለበት። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ የውስጥ ሶል፣ ቀጥሎ አንገቱ፣ መጨረሻ ላይ ከሥር ሽብልቅ። ምክንያቱም አንዳንድ ሰው ጉልበቱ የገባው ቅስቱ ስለወረደ ብቻ ነው፤ ቅስቱ ሲደገፍ ጉልበቱ ራሱ ተመልሶ ቁጭ ይላል።

አንድ ነገር ግን ሳልነሳ ባልፍ ታሪኩ የድል ታሪክ ይመስላል። ቨርሞንት ውስጥ ሹገርቡሽ በሚባል የስኪ ተራራ ላይ ተመራማሪዎች ከ1972 ጀምሮ ጉዳቶችን ሲመዘግቡ ኖረዋል። የቁርጭምጭሚት ስብራት ወረደ፤ ደረቁና ረጅሙ ቦት ጠበቀው። ጉዳቱ ግን አልጠፋም፣ ወደ ላይ ተሰደደ። በጫማው አፍ ላይ የሚሰበር ቅልጥም መጣ፤ ማሰሪያ ሲሻሻል ያም ቀነሰ። ከዚያ በ1980ዎቹ የጉልበት ጅማት መበጠስ በዛ። ቦቱ ብቻውን አጥፊ አይደለም፣ ስኪውም አወዳደቁም አሉበት። ቢሆንም አንድን መገጣጠሚያ የቆለፈ ሰው ኃይሉ ቀጥሎ የሚያገኘው መገጣጠሚያ የቱ እንደሆነ መጠየቅ ነበረበት። እስከ ዛሬ ለዚህ የረካ መልስ የሰጠ ቦት ሠሪ የለም።

ፋብሪካዎቹ በበኩላቸው አስተካካዩን እንደገና ማሽን ውስጥ ለመክተት እየሞከሩ ነው። ከ2011 ጀምሮ የኦስትሪያው ፊሸር ቅርፊቱ ራሱ 80 ዲግሪ ድረስ ሞቆ እግር ላይ የሚጨመቅ ቦት እየሸጠ ነው፤ ሌሎችም ተከትለዋል። በ2023 ደግሞ ከታችኞቹ ዘለበቶች ፈንታ በክብ ቁልፍ የሚጠበቅ ቀጭን ሽቦ ያላቸው ቦቶች ገበያ ገቡ። የሞቀው ቅርፊት ብዙ ይሠራል፤ ሁሉን ግን አያገኝም። ያኔ አስተካካዩ ከመሳቢያው ውስጥ ሊፒስቲክ ያወጣል። የሚያማችሁን አጥንት ይቀባዋል፣ እግራችሁን ባዶ ቅርፊት ውስጥ አስገብቶ ወደ ፊት ያስጫናችኋል፣ ያወጣችኋል። ፕላስቲኩ ውስጥ አንዲት ቀይ ነጥብ ታርፋለች። መሞረጃው የሚገባው እዚያች ላይ ነው።